ተኝቼ የቆጠርኩት ሰባት ቤት

ተናገሪ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጄ ማርታ አንድ ጓደኛ አለቻት፣ እዚሁ ቡታጅራ። እኔን ይዞኝ የነበረው በሽታ ያዛትና ብዙ ወር መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ጀርባሽንም ታሳርፊያለሽ ተባለች። «ጊዜው እንዴት ነው የሚያልፍልኝ?» እያለች ታለቅሳለች አሉ። ማርታም «እማማ፣ አንቺ እንዴት አሳለፍሽው?» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከመንገድ ስወጣ ትመልሰኛለች። ባትመልሰኝም ግድ የለም፣ ዞሬ ዞሬ እመጣለሁ።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የተወለድኩት ቡኢ አጠገብ ነው፤ የተዳርኩት መስቃን፣ ከቡታጅራ ከተማ በእግር በማይርቅ መንደር። ባለቤቴ ዘርጋ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ወልቂጤ ተክሎ እዚያው ይሠራል፣ አንዳንዴ እየመጣ ያየናል። እኔ ከአማቴ ጋር እንሰቱንም በርበሬውንም ይዤ እቤት ነኝ። ገና ጡት የተወች አንዲት ልጅ ነበረችን።

ትርፌ የሚለው ስሜ እናቴ ያወጣችልኝ አይደለም። የእናቴ ስም ወለላ ነበር፣ ማለቴ ለእኔ ያወጣችው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ትርፌ አሉኝ። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ የድሮው በአባቷ ደጅ ይቀራል። ሁለት ሦስት ልጅ ስትወልድ የድሮውን የሚያስታውስ የለም። ይህን የማነሣው ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ጀርባዬ መሐል ላይ ነው። ድካም የመሰለ ነገር ነው። እንሰት መፋቅ ጀርባ የሚጨርስ ሥራ ስለሆነ ማንም ጉዳዬ አላለም። ቀጥሎ ማታ ማታ ያተኩሰኝ ጀመር፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ። ጠበል ሄድኩ። ወጌሻ መጣ፤ ጀርባዬን በቅቤ እያሸ «አጥንት ወልቋል፣ እመልሰዋለሁ» ብሎ በጉልበቱ ተጫነኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ የተሰበረ እጅ ሲጠግን አይቼዋለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባሰብኝ። ጀርባ የታመመ ሰው በሐኪም ሳይታይ አይታሽ፤ ይህን ማርታ አስምሪበት።

ቀጥሎ ከተማ ወዳለ አንድ ድሬሰር ሄድኩ። ድሬሰር ያኔ መርፌ የሚወጋውን፣ ቁስል የሚያስረውን ነው የምንለው። ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ዋልን። ተራዬ ሲደርስ ጠየቀኝ፦

«ሕመሙ ሲመጣ ምን ያህል ሰዓት ይቆያል?»

እቤታችን ሰዓት የለም። የተሰማኝን ነገርኩት። «ስፌት ስሰፋ ጥቂት ነው፤ መጣ ስል ይሄዳል። እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ግን ቀኑን ሙሉ ነው።»

ሳቀ። «እንግዲያው በሽታሽ ሥራ መፍታት ነዋ! ሂጂና ስፊ።» ነጭ ክኒን ሰጠኝና አሰናበተኝ።

አልዋሸሁትም፣ እሱም አልዋሸኝም። ግን ተሳሳትን። የእኔ ስፌት የሙዳይ ነው፤ ስሰፋ ሐሳቤ በሙሉ አክርማው ላይ ነው። ቀዩን ከየት አስገብቼ ጥቁሩን የት እንደማቆም፣ ጥለቱ ሲዞር የት ላይ እንደሚገጥም አስቀድሜ በልቤ ካላየሁ ይበላሻል። እንደዚያ ሆኜ ወስፌ ከያዝኩ ፀሐይ አናት ላይ መድረሷንም አላውቅ። ሕመሙ ያን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ተቀምጧል፤ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለሐኪም ስትናገሩ የተሰማችሁን ርዝመት አትንገሩት። ከብቱ ሲወጣ ጀምሮ እስኪገባ በሉት፣ እሱ ይገባዋል።

ስፊ ስላለኝ ሰፋሁ። የሰፋሁት ሁሉ አምሮ ነበር። እግሬ እስኪደነዝዝና ደፍ ስሻገር እስክደናቀፍ ድረስ ሰፋሁ። ያኔ ዘርጋ ከወልቂጤ መጣ፤ አየኝና ላሚቱን ሸጦ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰደኝ። እዚያ ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮት አንሥቶ «ነቀርሳ ነው» አለን። እኔ ነቀርሳ የማውቀው የሚያስለውን የሳንባውን ነው። «እሱው ነው፣ ያንቺ አከርካሪሽ ውስጥ ገብቷል። ነቀዝ እህል እንደሚበላው አጥንቱን ይበላዋል» አለኝ። አልጋ ስላልነበራቸው ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ጀሶ አለበሱኝና መድኃኒቱን ቡታጅራ ተኝቼ እንድወስድ ወረቀት ጽፈው መለሱኝ።

ቡታጅራ ክሊኒክ ውስጥ የተኛሁበት ክፍል ሁለት አልጋ ነበረው። የእኔን ፍራሽ አንሥተው ሳንቃ አነጠፉበት። ሲስተሯ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ «ትርፌ፣ በሽታውን የሚገድለው መርፌው ነው። አጥንቱን የሚያጠነክረው ግን መተኛትሽ ነው። ሳይጠና ተነሥተሽ ከቆምሽ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ እግርሽን ይዞት ይሄዳል።»

ስታስፈራራኝ አልነበረም። ከእኔ በፊት እዚያው አልጋ ላይ ቆሼ ከምትባል ከተማ የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። ሰለቻትና ተነሥታ አገሯ ገባች። ኋላ በቃሬዛ መለሷት፤ እግሮቿ እንደ ሌላ ሰው እግር ነበር የሚንጠለጠሉት። ይህን የነገረችኝ ሩቂያ ናት፣ ጎኔ ያለው አልጋ ላይ የነበረችው። ሩቂያ የመስቃን ሴት ናት፤ የማይድን የእግር ቁስል ነበረባት፣ አፏ ግን ጤነኛ ነው። በመጀመሪያው ጥዋት ጭንቅላቷን ብድግ አድርጋ «አሰላሙ አለይኩም፣ ጎረቤት! ሞተሻል ወይስ ትሰሚያለሽ?» አለችኝ።

«እሰማለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ከሞተ ሰው ጋር ወሬ አይሆንልኝም።»

ሩቂያ ቀኗን በስግደት ትከፋፍለዋለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ትጠብቃለች፤ ቁጭ ብላም ቢሆን ትሰግዳለች፣ ቀኑ እጀታ አለው። የእኔ ቀን እጀታ አልነበረውም። ጥዋት መርፌ እወጋለሁ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አያለሁ። ያተኩሰኝ በነበረ ጊዜስ ይሻል ነበር፤ ትኩሳቱ ራሱ ይወስደኛል። ትኩሳቱ ሲለቀኝ፣ ማለትም መዳን ስጀምር፣ ጊዜው ቆመ።

«ሩቂያ፣ ምሳ አለፈ?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ቁርስሽ ገና ጉሮሮሽ ላይ ነው!»

የቆርቆሮውን ሚስማሮች ቆጠርኳቸው። ጨርሼ ግድግዳው ላይ ያለውን የመስኮት ጥላ ሳይ ካለበት ፈቅ አላለም። እንደገና ቆጠርኳቸው፤ ያው ናቸው። መልሱን የምታውቁት ነገር አእምሮን አይዝም። ማታ ደግሞ እግሬ እንዳለ ለማወቅ ጣቶቼን አነቃንቃለሁ፤ ሲነቃነቁ ሌላ ፍርሃት ይመጣል፣ ከተነቃነቁ ለምን ተኛሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ቆረጥኩ፦ በሚመጣው የገበያ ቀን አማቴ ሲመጡ ተነሥቼ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ለሩቂያም ነገርኳት። 

አማቴ በገበያ ቀን መጡ። ለእኔ ቆሎና ቂጣ በሙዳይ ይዘዋል። በሩ ላይ ቆመው ከሩቂያ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ቀጥሎ ሙዳዪቱን አልጋዬ አጠገብ ካለው ሣጥን ላይ አስቀምጠው ከእግሬ በኩል ቁጭ አሉ።

«እማዬ፣ ዛሬ አብሬዎት ነው የምሄደው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። አልተቆጡም። «ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አለ» አሉኝ። «ለፈቃዱ ሚስት ሊታጭለት ነው።» ፈቃዱ የዘርጋ የአጎቱ ልጅ ነው፤ አባቶቻቸው ወንድማማች ናቸው። «ልጅቷ ወልቂጤ ናት፣ ጥሩነሽ ትባላለች። አባቷ ነጋዴ ነው፤ ዘራቸው ግን ከሶዶ፣ ከእናንተ አገር ነው ይላሉ። የሶዶን ዘር ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ይገናኙ እንደሆነ ቁጠሪልኝ።»

«እቤት ሆኜ አልቆጥረውም?»

«እቤት ሥራ አለ። ልጅሽ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይጠራሻል፣ ይጠፋብሻል። እዚሁ ጨርሰሽ ንገሪኝ። ለሽማግሌ የሚሰጥ ቃል ነው፤ አንድ ሰው እንዳይዘልሽ።»

ላላወቃችሁ፣ የሚጋቡ ሰዎች በሰባት ቤት ውስጥ የጋራ ወላጅ ሊኖራቸው አይገባም። እሱ አንድ፣ አባቱ ወይም እናቱ ሁለት፣ አያቱ ሦስት እያላችሁ እስከ ሰባት ትወጣላችሁ፤ በእሷም በኩል እንዲሁ። በአባት ብቻ ሳይሆን በእናት በእናትም ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ሰው እየበዛ፣ ስሙ እየጠፋ ይሄዳል። ዘር መቁጠር የአያቴ ሥራ ነበር። ቡኢ ሳለን ሽማግሌዎች እሷ ዘንድ እየመጡ ሲጠይቋት እኔ ጉያዋ ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር።

አማቴ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። የዛሬን ልቁጠርና ነገ እሄዳለሁ አልኩ።

ከፈቃዱ ጀመርኩ። አባቱን አውቃለሁ፣ አያቱን አውቃለሁ፣ ያው የዘርጋም አያት ናቸው። ከዚያ በላይ የአያታቸው እናት፣ ውዴ የሚባሉ፣ ከሌላ አገር የመጡ ሴት ናቸው ይባላል፤ ከየት ግን አላውቅም። በጥሩነሽ በኩል ደግሞ የአባቷን አባት ዘር ከሰማሁት ጋር ማገናኘት አለብኝ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይሾልካል። ስለዚህ እንደ ስፌት አደረግኩት፤ የወንዶቹን ጥቁር፣ የሴቶቹን ቀይ አድርጌ በልቤ አዞርኳቸው። አንድ ስም ሲጠፋኝ ጥለቱ ላይ ቀዳዳው ይታየኛል፣ ተመልሼ እዚያ እደርሳለሁ።

ዓይኔን ስመልስ ምሳዬ ቀዝቅዟል።

«ሲስተር አስቀምጣልሽ ከሄደች ስንት ዘመኑ!» አለች ሩቂያ። «ለመሆኑ የት ነበርሽ?»

«ቡኢ።»

«እንግዲያስ ስትመለሺ ሽንኩርት ይዘሽልን ነይ።»

ከዚያ ወዲህ ነገ እሄዳለሁ ማለቴን ረሳሁት። ሊጠይቀን የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ የእኔንም የሩቂያንም፣ እየያዝኩ እጠይቃለሁ፦ ወልቂጤ ያለውን ነጋዴ ታውቃለህ? አባቱ ማነው? እናቱስ ከየት ናት? አንዱ ያመጣውን ሌላው ያፈርሰዋል። ሩቂያ ሰለቻት። «የሰው ጋብቻ ነው እንዲህ የሚያቃትትሽ? ለራስሽ ነው እንዴ የምታጪው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

የጎዳኝም ነገር ነበር፣ ልደብቅ አልፈልግም። ሲስተሯ አንድ ቀን አንሶላውን ገልጣ ደነገጠች፤ ተረከዜ ሳንቃው ላይ ቆስሎ ኖሯል። «ይህ ሁሉ ሲሆን አላመመሽም?» አለች። አሞኝ ይሆናል። ሐሳቤ ሄዶ ሰውነቴን ጠባቂ የሌለው ቤት አድርጌው ነበር። ስለዚህ የማርታ ጓደኛ፣ ሐሳብሽን ስትልኪው በየመሐሉ እየጠራሽ ገላሽን አሳዪው።

ሲስተሯ ቁስሉን እያጠበች «ባልሽ መቼ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር።»

ሩቂያ አልጋዋ ላይ ተገለበጠች። «ባለፈው ሳምንት! አንቺ፣ እሱ የመጣ ጊዜ በርበሬው ገና እሸት ነበር። አሁን ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ገበያ ወጥቷል። አይሸትሽም?»

አሸተትኩ። እውነቷን ነው፤ ከቆላው በጆንያ የሚመጣው ደረቅ በርበሬ በመስኮት ይገባ ነበር፣ ሲስተሯም እያስነጠሳት ነበር። እኔ ያ ሁሉ ጊዜ እንደ ሳምንት ሆኖብኛል። ዘርጋ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩና ወደ ስሞቼ ተመለስኩ።

ከቡኢ አክስቴ ወርቄ ሊጠይቁኝ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ስለ ነጋዴው ስጠይቃቸው ወዲያው አወቁት። «የነጋዴውን አያትማ አውቃቸዋለሁ፣ የእኛ ጎረቤት ነበሩ። ለምለም የምትባል እህት ነበረቻቸው፤ ሩቅ ተድራ ሄደች፣ ወሬዋም አልተሰማ።»

«ወዴት ተዳረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሳልወለድ ነው። እናቴ ስለ እሷ የምታወራው ስለ እጇ ብቻ ነው። ግራኝ ነበረች አሉ። የሰፋችው ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚዞር፤ ልጆች ይስቁባት ነበር።»

እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምሰማቸው። ዓይኔን ወደ ጎን አደረግኩ። የአማቴ ሙዳይ ሣጥኑ ላይ ናት። ያን ያህል ሰሞን ከእሷ ቆሎ ስበላ ቆይቼ አላየኋትም ነበር። ስፌቱ ከመሐሏ ተነሥቶ የሚዞረው ወደ ግራ ነው። እኔ ሰፊ ነኝ፤ በእኛ አገር የትኛዋም ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሴት እንዲያ ልትሰፋ አትችልም።

አማቴ በቀጣዩ ገበያ ሲመጡ ሰላምታቸውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም። «እማዬ፣ ይህቺ ሙዳይ የማን ናት?»

«የአማቴ አማት ናት፣ የውዴ። እሳቸው ናቸው የሰፏት።»

«ግራኝ ነበሩ?»

«ነበሩ ይባላል።»

ውዴ የሙሽራ ስማቸው ነው። በአባታቸው ቤት ለምለም ነበሩ። የፈቃዱ አያት እናት እሳቸው ናቸው፤ የጥሩነሽ የአባቷ አያት ደግሞ ወንድማቸው። በጣቴ ቆጠርኩላቸው። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም አንድ አባት ላይ ደረሱ።

«ይገናኛሉ» አልኳቸው። «አይሆንም።»

አማቴ ቆሎውን ወደ እኔ ሳህን ገለበጡ፣ ሙዳዪቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ እንዲያ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብለው ሄዱ። ሙዳዪቱንም ይዘዋት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ቆሎ የሚያመጡልኝ በጨርቅ ቋጥረው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሌላ ዘር መቁጠር ለመድኩ፤ የሩቂያን ጎሣ እንኳ ጀምሬ ነበር፣ እሷ ከክሊኒኩ ስትወጣ ተቋረጠ። በልግ ሳይገባ ጀሶውን ቆረጡልኝ። ሲስተሯ በአንድ በኩል፣ ዘርጋ በአንድ በኩል ሆነው አቆሙኝ፤ ዘርጋ ተመልሶ መምጣት ጀምሮ ነበር። ወለሉ እንደ ውኃ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ረጋ። ጀርባዬ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀረ፣ አሁንም አለ፣ ልጆች ሲያቅፉኝ ይነኩታል። እግሬ ግን ይኸው። ሁለት ወንድ ልጅ ጨመርኩ፣ ዘርጋ እስኪሞት አብረን ኖርን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሚስማር እየቆጠርኩ የተኛሁበት ጊዜ ያኔ ዓመት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ልፈልገው ብል አላገኘውም፤ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ጥላ፣ አለቀ። ዘር የቆጠርኩበት ደግሞ ያኔ ሽው ብሎ ሄደብኝ። ዛሬ ሳስታውሰው ግን አያልቅም፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ፊቱን፣ የነገረኝን ስም፣ ሩቂያ የቀለደችውን ሁሉ ልዘረዝር እችላለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለታማሚዋ የምላት ይኸው ነው፤ መልሱን የማታውቂውን፣ ሰው የሚፈልገውን፣ ትንሽ የሚያታግልሽን ነገር ፈልጊ። ቀኑ ያጥራል፣ ኋላም የሚቀርሽ አለ።

ዘርጋ ባረፈ ጊዜ ፈቃዱ ለለቅሶ መጥቶ ነበር፤ እሱም አርጅቷል። ድንኳኑ ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ የድሮ ነገር ስናነሣ፣ ጥሩነሽን ባለማግባትህ ቅር ይልህ ነበር ወይ አልኩት፣ እንደ ጨዋታ። ግራ ገባው።

«የቷ ጥሩነሽ?»

«የወልቂጤዋ ናታ። ታጭታልህ ዘሩን እኔ የቆጠርኩት።»

«እትዬ ትርፌ» አለኝ፣ «እኔ ያኔ ከጉርምስናም አልወጣሁ፣ ማን ሚስት ይሰጠኛል? ያቺ ልጅ የታሰበችው ለዘርጋ ነው። ‹ሚስቱ አትድንም፣ ወደ ቡኢ ትመለስ፣ እሱ ሌላ ያግባ› ብለው አጎቶቻችን ጨርሰው ነበር። እሱ ዝም ብሎ ነበር፣ እሺም እምቢም አላለ። እናቱ ናቸው ያስቆሟቸው። ‹ዘሩን መጀመሪያ ትርፌ ትቁጠር› አሉ።»